ሰፊ ባህር በጥቂት መርከቦች፦ የሲሼልስ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ኃይል ተሞክሮ

የሲሼልስ ሪፐብሊክ በምዕራባዊው የህንድ ውቅያኖስ ላይ ተበታትነው የሚገኙ 115 ደሴቶችን ያቀፈች ሀገር ናት። የደሴቶቹ የየብስ ስፋት በድምሩ 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህም ከአዲስ አበባ ከተማ የቆዳ ስፋት ያነሰ ነው። የሕዝቧ ቁጥርም ከ100 ሺህ ብዙም አይርቅም።

ይሁን እንጂ ሀገሪቱ በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት የተፈጥሮ ሀብቱን የመጠበቅና የመጠቀም መብት ያላት የባህር ክልል ከ1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ስፋት 1 ነጥብ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሆነው የኢትዮጵያ የየብስ ስፋት ይበልጣል። አንድ መካከለኛ ከተማ የሚያህል ሕዝብ ያላት ሀገር ኢትዮጵያን የሚበልጥ የውሃ አካል እንዴት ልትጠብቅ ትችላለች? የሚለው ጥያቄ የሲሼልስ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ኃይልን ታሪክ በሙሉ የሚመራ ጥያቄ ነው።

ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከአንዳንድ ሀገራት አሠራር በተለየ ሁኔታ የሀገሪቱ መከላከያ ኃይል አንድ ክፍል ነው። ተግባሩም ዘርፈ ብዙ ነው። የዓሣ ሀብትን ከሕገ ወጥ አስጋሪዎች መጠበቅ፣ አደጋ የደረሰባቸውን ጀልባዎች መፈለግና ሰዎችን መታደግ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ዝውውርን መግታት፣ የባህር ብክለትን መከላከል እንዲሁም የባህር ላይ ውንብድናን መመከት በዚሁ አንድ ተቋም ጫንቃ ላይ የወደቁ ኃላፊነቶች ናቸው።

የባህር ክልሎችና የሥልጣን ወሰን

የጠረፍ ጥበቃ ሥራን ለመረዳት በቅድሚያ ባህሩ በሕግ እንዴት እንደተከፋፈለ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባህር ሕግ ስምምነት ለጠረፍ ሀገራት የተለያየ ደረጃ ያለው ሥልጣን ይሰጣል።

ከባህር ዳርቻ አንስቶ እስከ 12 የባህር ማይል ያለው ክልል የሀገሪቱ ሉዓላዊ ግዛት ነው። ከዚያ ቀጥሎ እስከ 24 የባህር ማይል ድረስ ባለው ክልል ሀገሪቱ የጉምሩክ፣ የግብር፣ የኢሚግሬሽንና የጤና ጥበቃ ሕጎቿን ለማስከበር ቁጥጥር ማድረግ ትችላለች። እስከ 200 የባህር ማይል የሚዘልቀው ሦስተኛው ክልል ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ይባላል።

በዚህ ሦስተኛ ክልል ውስጥ ዓሣውም ሆነ በባህሩ ወለል ሥር ያለው ሀብት የጠረፍ ሀገሪቱ ነው። ሆኖም የሌሎች ሀገራት መርከቦች በነፃነት የማለፍ መብታቸው የተጠበቀ ነው። በመሆኑም የጠረፍ ጥበቃ ኃይሉ በቀጠናው የሚያልፍን መርከብ ሁሉ እንደፈለገ ማስቆም አይችልም። ዓሣ በማስገር ላይ ያለን መርከብ ግን ፈቃዱን መጠየቅ፣ ተሳፍሮ መፈተሽና ጥፋት ከተገኘም ይዞ ለፍርድ ማቅረብ ይችላል። የተያዘው መርከብ ተገቢውን ዋስትና ሲያቀርብ በፍጥነት መለቀቅ እንዳለበትም ስምምነቱ ይደነግጋል። ስለዚህ በመርከቡ ላይ የሚሰማራው መኮንን ወታደር ብቻ ሳይሆን ሕግ አስከባሪም ጭምር ነው።

የርቀቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የአልዳብራ ደሴት ርዕሰ ከተማዋ ቪክቶሪያ ከምትገኝበት ከማሄ ደሴት 1 ሺህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሰዓት 20 የባህር ማይል፣ ማለትም 37 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የጥበቃ መርከብ እዚያ ለመድረስ 30 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሕገ ወጥ አስጋሪ መረቡን ጠቅልሎ ከቀጠናው ሊወጣ ይችላል።

ከባዱ የፈተና ወቅት

እ.ኤ.አ. ከ2008 ማብቂያ ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረትና ሌሎች ዓለም አቀፍ የባህር ኃይሎች በኤደን ባህረ ሰላጤ ጥበቃቸውን ሲያጠናክሩ፣ ከሶማሊያ የባህር ዳርቻ የሚነሱ ወንበዴዎች እንቅስቃሴያቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ አሰፉ። ወንበዴዎቹ የጠለፏቸውን ትላልቅ ጀልባዎች እንደ መነሻ ጣቢያ በመጠቀም ከባህር ዳርቻ በመቶዎች በሚቆጠሩ የባህር ማይሎች ርቀት ላይ ጥቃት መፈጸም ቻሉ። የሲሼልስ ውሃ በቀጥታ የጥቃቱ ሰለባ ሆነ።

በ2009 ኢንዲያን ኦሽን ኤክስፕሎረር የተባለችው የመዝናኛ መርከብ ሰባት ሲሼልሳውያንን እንደያዘች ተጠለፈች። ሠራተኞቹም ወራት ከፈጀ እገታ በኋላ ተለቀቁ። ሕዝቧ በቱሪዝምና በቱና ዓሣ ለሚተዳደር ሀገር ይህ ተራ የወንጀል ዜና አልነበረም። የቪክቶሪያ ወደብ በምዕራባዊው የህንድ ውቅያኖስ ከሚገኙት ዋነኛ የቱና ማራገፊያና ማሻገሪያ ወደቦች አንዱ በመሆኑ፣ አስጋሪ መርከቦችና መዝናኛ ጀልባዎች አካባቢውን ከሸሹ የሀገሪቱ ገቢ እንደሚደርቅ ግልጽ ነበር።

በመጋቢት ወር 2010 መጨረሻ ላይ ወንበዴዎች 21 ኢራናውያን አስጋሪዎች የነበሩባትን ጀልባ ከያዙ በኋላ፣ ስድስት ሲሼልሳውያን የተሳፈሩባትን ጋላቴ የተባለች የዓሣ ጀልባም ጠለፉ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ሚሼል ታጋቾቹ ሶማሊያ ከመድረሳቸው በፊት እንዲታገዱ ትዕዛዝ ሰጡ። ታጋቾች አንዴ የብስ ላይ ከወጡ በኋላ በኃይል ማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ውሳኔው በሰዓታት ውስጥ መወሰድ የነበረበት ነው።

ቶፓዝ የተባለችው የጥበቃ መርከብ መጋቢት 30 ቀን ወንበዴዎቹን ደርሳባቸው የማስጠንቀቂያ ተኩስ ከፈተች። ወንበዴዎቹ ለማቆም ፈቃደኛ ባለመሆናቸው የጀልባዋ ሞተር ተመትቶ እሳት ተነሳ። ባህር ውስጥ የዘለሉት ታጋቾችም ተለቅመው 27ቱም በሕይወት ተረፉ። ቶፓዝ ወደ መነሻዋ ስትመለስ ሌሎች ወንበዴዎች ጥቃት የሰነዘሩባት ሲሆን፣ በአጸፋው አንድ እናት ጀልባና አንድ ፈጣን ጀልባ አሰጥማለች።

ከባህር እስከ ፍርድ ቤት

ወንበዴን መያዝ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት በርካታ የውጭ ባህር ኃይሎች የያዟቸውን ተጠርጣሪዎች የሚከስ ሀገር በመታጣቱ መሣሪያቸውን ነጥቀው ይለቋቸው ነበር። የተለቀቀው ወንበዴ ደግሞ ተመልሶ ባህር ላይ ይገኛል።

ሲሼልስ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከመረጡት ጥቂት ሀገራት አንዷ ሆነች። በታኅሣሥ 2009 የአውሮፓ ኅብረት ኃይል የሚይዛቸውን ተጠርጣሪዎች ተቀብላ ለመዳኘት ተስማማች። በ2010 ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓን በማሻሻል፣ ከግዛቷ ውጭ በዓለም አቀፍ ውሃ ላይ የተፈጸመ ውንብድናን ጭምር ፍርድ ቤቶቿ እንዲያዩ አደረገች።

የመጀመሪያው ጉዳይ በራሷ በቶፓዝ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ነበር። በታኅሣሥ 2009 ወንበዴዎች በሌሊት የጥበቃ መርከቧን የንግድ መርከብ መስላቸው ተኩስ ከፈቱባት። የተያዙት 11 ሶማሊያውያን በሐምሌ 2010 ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው በ10 ዓመት እስራት ተቀጡ።

እንዲህ ያለው ፍርድ የሚገኘው የጠረፍ ጥበቃ ባልደረቦች ማስረጃን በአግባቡ መያዝ ሲችሉ ነው። የጦር መሣሪያው፣ መርከብ ላይ ለመውጣት የሚያገለግለው መሰላል፣ የአቅጣጫ መጠቆሚያው መሣሪያና የነዳጅ በርሜሎቹ የት እንደተገኙ መመዝገብ አለበት። ወንበዴዎች እነዚህን ዕቃዎች ባህር ውስጥ ሲጥሉ በፎቶግራፍ ካልተቀረጹ ዐቃቤ ሕጉ ባዶ እጁን ይቀርባል። ትንሿ ሀገር በእስረኞች ብዛት እንዳትጨናነቅም፣ ፍርደኞች ቀሪ ቅጣታቸውን ወደ ሶማሊያ ተመልሰው እንዲፈጽሙ የሚያስችሉ ስምምነቶች ተፈርመዋል።

ከመርከብ በፊት መረጃ

የሲሼልስ ተሞክሮ ዋነኛ ትምህርት ባህር በመርከብ ብዛት ብቻ እንደማይጠበቅ ነው። መርከብ ባህሩን እየዞረ ከሚፈልግ ይልቅ የሚፈለገው የት እንዳለ ታውቆ መርከቡ ቢላክ ነዳጅም ጊዜም ይቆጥባል።

ፈቃድ ያላቸው ትላልቅ የዓሣ ማስገሪያ መርከቦች ያሉበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳውቅ መሣሪያ የመግጠም ግዴታ አለባቸው። ይህን መረጃ የሚከታተለው የሀገሪቱ የዓሣ ሀብት ባለሥልጣን ነው። በራዳር የታየ መርከብ ፈቃድ ከተሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ ከሌለ የቅኝት አውሮፕላን ተልኮ ማንነቱን ያረጋግጣል። የጥበቃ መርከቡ የሚንቀሳቀሰው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሰንሰለት የሚሠራው ፈቃድ ሰጪው፣ ወደቡ፣ አየር ኃይሉና ጠረፍ ጠባቂው በየፊናቸው የያዙትን መረጃ ሳይዘገይ ሲለዋወጡ ብቻ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የሚያውቀውን ሌላው ካላወቀ ዘመናዊው ራዳር ብቻውን ፋይዳ የለውም።

የኃላፊነቱም መጠን እየጨመረ መጥቷል። ሲሼልስ በ2020 ከባህር ክልሏ 30 በመቶ የሚሆነውን፣ ማለትም ወደ 410 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን፣ የተጠበቀ ክልል አድርጋ ደንግጋለች። ድንጋጌው በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው ግን በቦታው ተገኝቶ የሚያስከብረው ኃይል ነው።

ድጋፍና ሉዓላዊነት

የጥበቃ መሣሪያዎቹ አብዛኞቹ የተገኙት በእርዳታ ነው። ቶፓዝን በ2005፣ ኮንስታንትን በ2014፣ ዞሮአስተርን ደግሞ በ2021 የሰጠችው ህንድ ናት። በ2013 ዶርኒየር የተሰኘ የቅኝት አውሮፕላን ያበረከተች ሲሆን፣ በ2015 ይፋ የሆነውን የባህር ዳርቻ ራዳር ሥርዓትም ደግፋለች። ቻይናና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የራሳቸውን ድጋፍ አድርገዋል።

ሆኖም እርዳታ ሁሉ ያለ ጥያቄ አልተወሰደም። ህንድ በአልዳብራ አቅራቢያ በምትገኘው አሳምሽን ደሴት ላይ ለጠረፍ ጥበቃ የሚያገለግል የጀልባ ማቆሚያና የአውሮፕላን ማረፊያ ለመገንባት የተፈራረመችው ስምምነት በጥር 2018 ተሻሽሎ ቢቀርብም፣ ከሕዝቡ ተቃውሞ ገጥሞት በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ተቃዋሚዎቹ የሉዓላዊነትና የአካባቢ ጥበቃ ጥያቄ አንስተው ነበር። ለሕዝብ ያልተብራራ ስምምነት ጠቃሚ ቢሆን እንኳ ተቀባይነት ለማግኘት እንደሚቸገር ሁኔታው አሳይቷል።

ቀጠናዊ ትብብር

ወንበዴ፣ ሕገ ወጥ አስጋሪና ዕፅ አዘዋዋሪ የድንበር መስመር አያግዳቸውም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ የተሰኘው ቀጠናዊ ስምምነት ተፈረመ። የባህር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከሲሼልስ ጋር ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መካከል ነበረች። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ አይደለም። አብዛኛው የገቢና የወጪ ንግዷ በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ በባህር መስመሩ ላይ የሚፈጠር ሥጋት የመርከብ ኪራይንና የኢንሹራንስ ዋጋን በማናር በመጨረሻ በሸማቹ ላይ ይወድቃል። ደንቡ በ2017 በጅዳ ተሻሽሎ ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርንና ሌሎች የባህር ላይ ወንጀሎችን እንዲያካትት ተደርጓል።

ከዚህም ሌላ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ሁለት ማዕከላት ተቋቁመዋል። በማዳጋስካር የሚገኘው መረጃ ያሰባስባል። በሲሼልስ ያለው ደግሞ የጋራ ሥምሪቶችን ያስተባብራል።

የውንብድናው መቀዛቀዝ የመርከብ ኩባንያዎች ማኅበራት የህንድ ውቅያኖስን ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው አካባቢዎች ዝርዝር ከጥር 2023 ጀምሮ እንዲያወጡ አስችሏል። ሆኖም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጥቃቱ እንደገና አገረሸ። በጥር 2024 ስድስት ሠራተኞች የነበሩባት ሎሬንዞ ፑታ 4 የተባለች የስሪላንካ ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ተጠልፋ፣ ከህንድና ከስሪላንካ ባህር ኃይሎች ጋር በተደረገ የመረጃ ልውውጥ የሲሼልስ ኃይል በጥቂት ቀናት ውስጥ አስለቅቋታል። ሦስት ተጠርጣሪዎችም ተይዘዋል።

በ2009 ሰባት ሲሼልሳውያን ከእገታ እስኪወጡ ወራት ጠብቀዋል። በ2024 ስድስቱ ስሪላንካውያን ነፃ የወጡት በቀናት ነው። የባህሩ ስፋት ያው ነው፤ የሀገሪቱ ሕዝብም ቢሆን ብዙም አልጨመረም። በመካከሉ የተለወጠው ሕጉ አስቀድሞ መሻሻሉ፣ መረጃው በጊዜ መድረሱና የጎረቤት ሀገራት ተቋማት ተቀናጅተው መሥራት መጀመራቸው ነው። የአቅም ውስንነት ያለባቸው ሌሎች ተቋማትም ከዚህ የሚወስዱት ቁም ነገር ይኸው ይሆናል።