ብርሃን የማታፈስ የካርቶን መርከብ

የጠፈር መርከብ ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከሳጥን የሚወጣ ፕላስቲክ ነው። ወረቀት የልጅ ጨዋታ ተደርጎ ይናቃል። ፖላንዶች ግን «ማዊ ሞዴላሽ» በሚባል መጽሔት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወረቀት ሞዴል ያትማሉ፤ ለናቂዎች ይህ ይበቃል።

ቆረጣው አያስቸግርም። በካሬ ሜትር ከ160 እስከ 200 ግራም የሚመዝን ወረቀት፣ ስለታም ከተር፣ የብረት ማስመሪያና ነጭ ኮላ ይዞ መቀመጥ ነው። ጠፍጣፋ ወረቀት ቱቦና ሾጣጣ ይሆናል እንጂ ድቡልቡል አይሆንም፤ ስለዚህ የ«ስታር ትሬክ» ድራማ መርከብ የኢንተርፕራይዝ ሰፊ ሰሐን የሚወጣው ከክብ ወረቀት ላይ ቀጭን ቁራጭ አንስቶ ጫፍና ጫፉን በማጋጠም ነው።

ነገር የሚበላሸው መብራቱ ላይ ነው። አንድ ወጣት የሠራትን መርከብ ሲያሳየኝ አቆራረጧ እንከን አልነበረውም። ማብሪያውን ሲጫን ግን ግድግዳው ሁሉ በራ፤ የእርሳስ መስመሩ፣ የኮላው ጠብታ፣ የውስጥ ሽቦው ጥላ ሳይቀር ታየ። መርከቧ የወረቀት ፋኖስ ሆና አረፈችው።

«አምፖል ልጨምርበት?» አለኝ።

«ኧረ ቀንስ!»

ሁሉም የሚጠይቀው ስንት ኤልኢዲ እንደሚገዛ ነው። ወረቀት ብርሃን እንደሚያሳልፍ የሚያስብ የለም። መድኃኒቱ ከመለጠፍ በፊት የውስጡን ገጽ ጥቁር መቀባት፣ ሲደርቅ በላዩ ነጭ መደረብ ነው፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ያግዳል፣ ነጩ ወደ መስኮቶቹ ይመልሰዋል። ቀለሙ ሳሳ ብሎ ደጋግሞ ይቀባ፤ አንዴ ከተጫነ ወረቀቱ ይጣመማል። ኮላ የሚነካው ጠርዝ ደግሞ ሳይቀባ ይቅር፤ ነጭ ኮላ ባዶ ወረቀት ላይ ነው አጥብቆ የሚይዘው። መጋጠሚያዎቹን ከውስጥ በፎይል ሸፍኑ። ፎይል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ግን በስታኞ የተበየደውን ሁሉ መጀመሪያ በናስትሮ ጠቅልሉ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዛት ያናድደኛል።

ኤልኢዲውም ይታገሥ። ነጭ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል፤ በ9 ቮልት ባትሪ 300 ኦህም ሬዚስተር ብታደርጉለት 20 ሚሊአምፒር ይወስዳል። ለወረቀት ይህ ይበዛል። 1000 ኦህም አድርጉ፤ 6 ሚሊአምፒር ይበቃል።

መስኮት በመብሻ አይበሳም። ኢንተርፕራይዝ በድራማው ታሪክ 289 ሜትር ርዝመት አላት፤ ሞዴሏ 60 ሳንቲሜትር ከሆነ የአንድ ሜትር መስኮት 2 ሚሊሜትር ይሆናል። በመርፌ ወግታችሁ ከበስተኋላ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ለጥፉ፤ አለዚያ ዓይን መስኮቱን ትቶ አምፖሉን ያያል።

ለድራማው ቀረጻ የዋለችው ዋናዋ የኢንተርፕራይዝ ሞዴል ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ትገኛለች፤ መግቢያው ነፃ ስለሆነ እዚያ የምትኖሩ ላለማየት ምክንያት የላችሁም። 3.4 ሜትር ገደማ ናት፣ አብዛኛው አካሏ እንጨት ነው። መብራት ሲገባላት ሽቦዎቹ በግራ ጎኗ ስለወጡ ካሜራው ሁልጊዜ ቀኟን ያነሣ ነበር። እናንተም ሽቦውን በመቆሚያዋ ቱቦ አውርዱት፣ ባትሪውንም ከሥር አስቀምጡት። ባትሪውን ሆዷ ውስጥ አሽጎ በኮላ የሚዘጋ ሰው ባትሪው ያለቀ ዕለት መርከቧን ሊቀድ ነው።