የአነስተኛ ንግድ የመረጃ ቋት ሰርቨር

የአነስተኛ ንግድ የመረጃ ቋት ሰርቨር የአንድን ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ሌላ አነስተኛ ድርጅት የሽያጭ፣ የዕቃ፣ የዱቤና የደንበኛ መዝገብ በአንድ ቦታ ይዞ ለሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው። የዱቤ መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴ ማን ምን ያህል እንዳለበት የሚያሳይ ማስረጃ አይኖረውም። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ሰርቨር ዋና ፈተና ፍጥነት ሳይሆን መዝገቡ እንዳይበላሽና እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። በመንዝ ደጋ፣ ለምሳሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ በሆነችው በሞላሌ፣ የመብራት መቆራረጥ ብቻ ሳይሆን የቦታው ከፍታም በዕቃ ምርጫ ላይ ድርሻ አለው።

ኮምፒዩተሩና ሶፍትዌሩ

ከሁለት እስከ አሥር ሠራተኛ ለሚጠቀምበት መዝገብ ውድ ሰርቨር አያስፈልግም። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ወይም ሚኒ ፒሲ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪና ሁለት ዲስክ ካለው፣ ይበቃል። በጀቱ ውስን ሲሆን በፕሮሰሰሩ ላይ ቆጥቦ ለዲስክ፣ ለዩፒኤስና ለመጠባበቂያ ቅጂ ማዋል ይመረጣል።

ለመረጃ ቋቱ ያለ ክፍያ የሚገኙ ሶፍትዌሮች አሉ። ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተጀመረ የምርምር ሥራ የመጣ ነው። ማሪያዲቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከማይኤስኪውኤል ተነጥሎ የወጣ ነው። መዝገቡን የሚጠቀምበት አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ከሆነ ሰርቨር የማይፈልገው ኤስኪውላይት ሊበቃ ይችላል።

ዲስክና ከፍታ

በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሳህን ጋር አይነካካም፤ በመካከላቸው ባለው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ሳህኑ ይቀርባል፤ ከነካውም ሳህኑን ይፍቃል፣ መረጃውም ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች በአየር ለሚሠሩ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን አድርገው የሚያስቀምጡት 3,048 ሜትር ወይም 10,000 ጫማ ነው። ሞላሌ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እዚያ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ በወሰኑ አፋፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 ከመቶ ያህል ነው።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ክፍል ስለሌለው ይህ ችግር አይነካውም። ሂሊየም ተሞልተው የታሸጉ ሃርድ ዲስኮችም የውጭው አየር አይገባባቸውም፤ ነገር ግን በአብዛኛው ትልልቅና ውድ ናቸው። ስለዚህ ለደጋ ቦታ አነስተኛ ሰርቨር ኤስኤስዲ ይመረጣል። ስስ አየር ሙቀትን የማውጣት አቅሙም አነስተኛ ስለሆነ፣ የደጋው ብርድ ቢረዳም፣ የኮምፒዩተሩ አየር ማስገቢያ በአቧራ እንዳይደፈን ማጽዳት ያስፈልጋል።

የመብራት መቋረጥ

የመረጃ ቋት አንድ ሽያጭ ሲመዘገብ ለውጡን በመጀመሪያ በተለየ የክንውን መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከል መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ ከክንውን መዝገቡ አንብቦ የተቋረጠውን ያስተካክላል። ይህ የሚሠራው ግን ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ሲል በእውነት ጽፎ ከሆነ ነው። አንዳንድ ኤስኤስዲዎች መረጃውን ለጊዜው በሜሞሪ ይዘው እንደ ተጻፈ ይቆጥሩታል፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ መረጃው አብሮ ይሄዳል። ለሰርቨር የተሠሩ ኤስኤስዲዎች ይህን ለመከላከል ካፓሲተር አላቸው፤ በውስጡ ያለው ኃይል የቀረውን ጽፎ ለመጨረስ ይበቃል።

ዩፒኤስ ሰርቨሩን ለሰዓታት እንዲያሠራ አይጠበቅበትም፤ በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ ያሉትን ደቂቃዎች ከሸፈነ በቂ ነው። ለዚህም ከኮምፒዩተሩ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝቶ ባትሪው ሲያልቅ ራሱ እንዲያዘጋ መደረግ አለበት። ገመዱ ካልተሰካ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጉዳቱን ከማዘግየት በቀር አይከላከለውም። በጣም ውስን በጀት ላለው ድርጅት ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ዩፒኤስን ሊተካ ይችላል።

ሬይድ

ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የማሠራት ዘዴ ነው። ለአነስተኛ ሰርቨር የሚስማማው ሬይድ 1 ሲሆን፣ ይኸውም አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ ነው። አንዱ ቢበላሽ ሥራው በሌላው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ሬይድ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ሠራተኛ በስህተት የሰረዘው መዝገብ ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል፤ ሌባ ኮምፒዩተሩን ቢወስድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

መጠባበቂያ ቅጂ

በፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ጽሑፎች የታወቀው «3-2-1» የተባለ ደንብ፣ መረጃው በ3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ እንዲቀመጥና 1ዱ ቅጂ ከቦታው ውጭ እንዲሆን ያዛል። ለሞላሌ ሱቅ ይህ ማለት አንዱ በሰርቨሩ፣ ሁለተኛው ተነቅሎ በሚቀመጥ የውጭ ዲስክ፣ ሦስተኛው በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ባለ ታማኝ ሰው ዘንድ አለዚያም በክላውድ ላይ ማለት ነው። የውጭው ዲስክ ተነቅሎ መቀመጡ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ቫይረስም ይጠብቃል።

እየሠራ ያለን የመረጃ ቋት ፋይሎቹን እንዲሁ ኮፒ ማድረግ እርስ በርሱ የማይገጥም ቅጂ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣው የቅጂ ማውጫ፣ በፖስትግሬስኪውኤል «ፒጂ ዳምፕ» በሚባለው፣ መገልበጥ ይገባል። የቅጂው መጠን ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የሽያጭ መስመር 200 ባይት ቢሆን 100,000 መስመር 20 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ሲጨመቅም ያንሳል፤ በሞባይል ኢንተርኔት በየሌሊቱ ሊላክ ይችላል።

ቅጂው ሌሊት ብቻ የሚወሰድ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ብልሽት ቢደርስ የዚያ ቀን ሽያጭ ይጠፋል። በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይም ቅጂ መውሰድና የደረሰኝ ቀሪዎችን ማስቀመጥ ጉዳቱን ይቀንሳል። የ7 ቀን፣ የ4 ሳምንትና የ12 ወር ቅጂዎችን ማቆየት ደግሞ ዘግይቶ የታየን ስህተት ለማረም ይረዳል።

ቅጂን በሩቅ ቦታ የማስቀመጥ ጥቅም በኢትዮጵያ በትልቁ የታየው በብራና መጻሕፍት ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙዎቹን ዘርዝረው ካታሎግ ያዘጋጁት እዚያው ሚኒሶታ ባለው ቅጂ ነው።

ቅጂውን መፈተሽ

ተመልሶ ያልተነበበ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ዋናው የመረጃ ቋቱ በስህተት ሲሰረዝበት፣ መጠባበቂያ ይሆናሉ ያላቸው በርካታ መንገዶች እንደታሰበው አለመሥራታቸውን አወቀ፤ የ6 ሰዓት ያህል መረጃም አጣ። ለአነስተኛ ንግድ በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሶ የትናንቱን ሽያጭ ድምር ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

በዚህ ጊዜ የደንበኞች ስም በትክክል መነበቡም ይታያል። የመረጃ ቋቱ በዩቲኤፍ-8 ካልተዘጋጀ የግዕዝ ፊደላት ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ፤ አንዴ እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ አይመለስም።

ከቦታው የሚወጣው ቅጂ የሰዎችን ስም፣ ስልክና ዕዳ ስለሚይዝ በይለፍ ቃል መመስጠር አለበት፤ የግል መረጃ አያያዝም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይገዛል። የይለፍ ቃሉ ከሰርቨሩ ጋር እንዳይጠፋ በወረቀት ተጽፎ በሌላ ቦታ ይቀመጣል።