ዋጋ ሲወድቅ ዝም አይባልም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ገበያው ቀዝቅዟል፤ ለማስታወቂያ የያዝነውን በጀት እንጠፈው ወይስ እንቀጥል?» መልሴን በቅርባችን ባለ ምሳሌ ላስረዳ። ምሳሌዬ በጌዴኦ፣ ከይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው ኮንጋ ናት።

የቡና ሰው እ.ኤ.አ. 2001ን አይረሳም። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ ዋጋውን ደግፎ የሚይዝ አልተገኘም። በዚህ ላይ ቬትናምና ብራዚል ምርታቸውን አበዙ። በኮታው ዘመን በፓውንድ ከ1 ዶላር ከ20 ሳንቲም በላይ ያወጣ የነበረው ቡና ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ለጌዴኦ ገበሬ ይህ ማለት ደብተር፣ መድኃኒትና ግብር የሚከፈልበት ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው። እንሰቱ ጓዳውን ይሸፍናል፤ ጥሬ ብር የሚመጣው ግን ከእሸት ቡናው ነው።

የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተቋቋመው በዚያው በከፋው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የኮንጋ ማኅበርም አባሉ ነበር። ገበሬው ዋጋ እስኪመለስ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ ተደራጅቶ ራሱ ገዢ ፍለጋ ወጣ። ናሙና መላክ፣ ከውጭ ገዢ ጋር በቀጥታ መነጋገር፣ የኦርጋኒክና የፌር ትሬድ ምስክር ወረቀት መያዝ የዩኒየኑ ሥራ ሆነ። በወቅቱ ፌር ትሬድ ለታጠበ አረቢካ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ ከነተጨማሪ ክፍያው በፓውንድ 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር። ይህን ከ50 ሳንቲሙ ጋር አስተያዩት።

ማርኬቲንግ ስል ቢልቦርድ ማለቴ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። በደንብ በሚሠራ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እያንዳንዱ ማድረቂያ አልጋ ላይ ካርድ ይንጠለጠላል፤ ቡናው የገባበት ቀን፣ የሎቱ ቁጥርና ደረጃው ተጽፎበታል። ያቺ ካርድ ናት ከናሙናው ጋር ተጉዛ፣ ሩቅ አገር ባለ ቡና የሚቆላ ድርጅት ከረጢት ላይ «ይርጋጨፌ፣ ኮንጋ» ተብሎ እንዲጻፍ የምታደርገው። ካርዱ ባዶ ከሆነ ቡናው ስም የለሽ ነው፤ ስም የለሽ ቡና ደግሞ የሚሸጠው የዓለም ገበያ በቆረጠለት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ያለፈ ቡና በዓይነትና በደረጃ ሲደባለቅ፣ ገዢው የየትኛው ጣቢያ ቡና እንደሆነ መለየት ተቸግሮ ነበር። ዩኒየኖች በቀጥታ የመላክ መብታቸው ስለተጠበቀ የማኅበራቱ ስም ተርፏል።

ስሙን በሕግ ለማስከበርም ተሠርቷል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር ጠንክሮ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈረመ። እኔን የሚያስደንቀኝ የተመረጠው መንገድ ነው፦ ፈቃድ የወሰደ ኩባንያ ለስሙ አይከፍልም፤ በምትኩ ስሙን ለደንበኞቹ ያስተዋውቃል። ለማስታወቂያ ገንዘብ የሌለው አገር የሌሎችን መድረክ ለስሙ ተጠቀመበት።

ኮሎምቢያውያንም ቀድመው አድርገውታል። የቡና ዋጋ በወረደበት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የቡና አምራቾቻቸው ፌዴሬሽን ሁዋን ቫልዴዝ የተባለውን፣ በቅሎውን የሚስብ ገበሬ ለአሜሪካ ጠጪ አስተዋወቀ። ያ ገበሬ ዛሬም የቡናቸው መለያ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ፦

1. በጀቱን መቀነስ ግድ ከሆነ ቀንሱ፤ ዝም ግን አትበሉ። መጀመሪያ የሚደወለው ትናንት ለገዛችሁ ደንበኛ ነው። አዲስ ሰው ከመፈለግ የነበረውን መያዝ ይረክሳል።

2. ክፉውን ወሬ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። ጭነት ከዘገየ ወይም ጥራቱ ከወረደ ገዢው ከእናንተ አፍ ይስማ። በችግር ጊዜ እውነት የነገረን ሰው ማንም አይረሳም።

3. ከውጭ ገዢ እኩል ገበሬውን አናግሩ። ዋጋው ለምን እንደወረደ፣ የትርፍ ክፍፍሉ መቼና እንዴት እንደሚሰላ በቋንቋው በጌዴኡፋ፣ በስብሰባ ላይ፣ በቁጥር ይነገረው። ያልተነገረው ገበሬ ቀዩን ከአረንጓዴው ቀላቅሎ ይለቅማል፤ ሲመረውም ቡናውን ነቅሎ ሌላ ይተክላል። ጥራቱ ከጠፋ ደግሞ የሚተዋወቅ ስም አይኖርም።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለጠብ ጊዜ ጥሩ ምክር ነው፤ ለገበያ ግን አይሆንም። ገበያ ላይ ዝም ያለ ይረሳል፤ የተረሳን ስም መልሶ ማስታወስ ደግሞ ከማቆየት ይልቅ ብዙ ያስወጣል።

የቡና ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2019 በፓውንድ ከ1 ዶላር በታች ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ከ4 ዶላር አለፈ። የወጣ ዋጋ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ በዲላ፣ በይርጋጨፌ፣ በኮንጋ ያላችሁ፣ በተለይ ካሜራና ቋንቋ ያላችሁ ወጣቶች፣ ዋጋው ደህና ሳለ ሥራችሁን ጀምሩ፦ የማኅበራችሁን ታሪክ ጻፉ፣ የገዢዎቻችሁን አድራሻ ሰብስቡ፣ ካርዶቹን በትክክል ሙሉ። ክፉው ቀን ሲመጣ የሚያስጥለን ዛሬ የተሠራ ስም ነው።