ሳይቃጠል በቅጠል! … ትንሿ ኮምፒውተሬ ጉድ ልትሠራኝ ነበር

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ተኝቷል። እኔ ግን ጠረጴዛዬ ላይ በተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ አፍጥጫለሁ። ፋኗ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ጎኗን ብነካው ትኩስ የሻይ ብርጭቆ የጨበጥኩ መሰለኝ። በዚህ መሀል በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ሌሊት ምንድነው የምትፈጨው?»

«ኮምፒውተር ነው እትዬ። ይቅርታ፣ አሁን ትጨርሳለች» አልኳቸው።

አልጨረሰችም። ሲነጋም አልጨረሰችም።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍቅር አይደለም ብል ዋሸሁ ማለት ነው። ይቺ ሳጥን የተገዛችው በእጮኛዬ ዕቁብ ነዋ! እኔ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። «አሮጌው ኮምፒውተሬ እየጎተተኝ ነው፤ ጥሩ ዕቃ ባገኝ እጥፍ እሠራለሁ» ብዬ ባጫወትኳት ጊዜ፣ ለራሳችን ሠርግ ያሰበችውን ገንዘብ «እንካ፣ ሥራበት» ብላ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ሥራዬ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ሆነ። የሙሽራዋ እናት እሁድ ማታ ወደ አሜሪካ ይመለሳሉ፤ ቪዲዮውን ይዘው መሄድ አለባቸው። ያቺ የወፍጮ ሌሊት ደግሞ የሐሙስ ሌሊት ናት። እንግዲህ ጭንቀቴን አስቡት!

ለምን ትንሽ?

«ትልቅ ኬዝ ገዝተህ አትገላገልም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ጓደኛዬ ሰፈር ይኖራል፤ እዚያ ሲጠፋ እኛ ጋ ይመጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሬ በጀርባ ቦርሳ ታዝላ ታክሲ የምትሳፈር መሆን ነበረባት። ላፕቶፕስ? የአብዛኛው ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ሲያረጅ ብቻውን አይቀየርም። እናም ዓይኔ ሚኒ አይቲኤክስ በሚባለው ማዘርቦርድ ላይ ወደቀ። ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀው ልክ ሲሆን፣ ቦርዱ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የመረጥኩት ኬዝ ደግሞ 10 ሊትር ገደማ ይሆናል። ቢጫውን የውሃ ጄሪካን ታውቁት የለ? የሱ ግማሽ ማለት ነው።

በዚያ ግማሽ ጄሪካን ውስጥ የትልቅ ኮምፒውተር ጉልበት መክተት አማረኝ። አማረኝ እንጂ አልለካሁም!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ግማሹን ዕቃ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ግማሹን ዱባይ የሚመላለስ ሰው ይዞልኝ መጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። አሜሪካ ያለ ሰው ዕቃው አልገጥም ካለው ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። የኛ ግን በሻንጣ የመጣ ዕቃ በሻንጣ አይመለስም። እኛ ስንሳሳት የምንከፍለው ሙሉ ዋጋ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ፓወር ሰፕላይ ነበር። ከአሮጌው ኮምፒውተሬ ፈትቼ እገጥማለሁ ብዬ ነበር። የተለመደው ኤቲኤክስ የሚባለው ዓይነት ወርዱ 15 ሴንቲ፣ ከፍታው 8.6 ሴንቲ ነው። የኔ ኬዝ የሚቀበለው ኤስኤፍኤክስ የሚባለውን ነው፤ እሱ ደግሞ 12.5 በ10 በ6.35 ሴንቲ ነው። የ44 ቁጥር እግር በ38 ቁጥር ጫማ! ራሙም ያው። የኔ የድሮው ዲዲአር 4 ነው፣ አዲሱ ቦርድ የሚፈልገው ዲዲአር 5። ሁለቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ቦታው ስለማይገናኝ አይገባም፤ በግድ የገፋው ሰው ቦርዱን ይሰብራል።

ሁለቱንም እንደገና ገዛሁ። ለእጮኛዬ ግን «ሁሉም ልክክ አለ» አልኳት። ውሸት አንድ።

ቀጥሎ ስክሪኑ ጨለመ። ሁሉም ይሽከረከራል፣ ሁሉም ይበራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ሁለት ቀን ጨርቄን ልጥል ደረስኩ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። በትንንሾቹ ኬዞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ቦርዱ ላይ በቀጥታ አይሰካም፤ ራይዘር በሚባል ጠፍጣፋ ኬብል ታጥፎ ከቦርዱ ጀርባ ይቆማል። የኔ ኬብል የተሠራው ለፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው፣ ካርዱ ግን 4 ነው። ሁለቱ በ4 ፍጥነት ሊነጋገሩ ይሞክራሉ፣ ኬብሉ አይችልም፣ ዝም ዝም ይሆናል። መላው ቀላል ነው። የስክሪኑን ገመድ ከካርዱ ነቅሎ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት (ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ማለት ነው)፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱን በእጅ 3 ላይ ማድረግ፣ ከዚያ ገመዱን መመለስ። ስክሪኑ ሲበራ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ገንዘቤ ነው እንዴ የሚቃጠለው?»

መጀመሪያ ላይ ሁሉ ሰላም ነበር። ትንንሽ ሥራ ስሠራባት እንደ በቅሎ ትገሰግሳለች። ሙሉውን ሠርግ አውጪ ስላት ግን፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ መጮህ ጀመረች። የፕሮሰሰሩ ሙቀት 95 ዲግሪ! ሥራውም ከመፍጠን ይልቅ መጎተት።

አርብ ቀን እጮኛዬ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሳጥኗን በመዳፏ ነካ አድርጋ እጇን ቶሎ መለሰች።

«ይሄ ነገር ያቃጥላል… ገንዘቤ ነው እንዴ የሚቃጠለው?»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የፓወር ሰፕላዩን፣ የራሙን፣ የስክሪኑን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «የሚያውቅ ሰው ጠይቃ! መጠየቅ ያሳፍራል እንዴ?» ብላ ቦርሳውን አቀበለችኝ።

መገናኛ አካባቢ የሚሠራ አንድ የጥገና ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። ስሜን እንዳትጠራ ስላለኝ አልጠራውም። ሳጥኗን ከፍቶ አየና ሳቀ። «አንተ ኮምፒውተር አይደለም የሠራኸው፣ የከሰል ምድጃ ነው!»

ከዚያ በእርጋታ አስረዳኝ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ማቀዝቀዣ ቁመቱ 37 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኬዙ ከዚያ ብዙም የሚረዝም አያስገባም። ያን የሚያህል ማቀዝቀዣ የሚስማማው 65 ዋት ለሚባሉት ፕሮሰሰሮች ነው። እኔ የገዛሁት 105 ዋት የሚባለውን ነው። በኤኤምዲ ኤኤም 5 ቦርድ ላይ ደግሞ 105 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት እስከ 142 ዋት ይስባል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጎተቱ ለካ ነፍሱን እያዳነ ነው!

አንድ ሌላም ነገር ነገረኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋን ደግሞ ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን በያው ፍጥነት ዞሮ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የከተማችን ብርድ ጥቂት ያካክሳል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት።

«ጉልበቷን ቀንስላት።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ከበደኝ። ለጓደኞቼ በዚያ ቁጥር ስንት ጉራ ነፍቻለሁ! እሱ ግን መልሴን ሳይጠብቅ ባዮስ ውስጥ ገባና ኢኮ ሞድ የሚባለውን መርጦ የ65 ዋት ደረጃ ላይ አደረገው። ያኔ ፕሮሰሰሩ ከ88 ዋት በላይ አይስብም። የግራፊክስ ካርዱንም ጉልበት ትንሽ ዝቅ አደረገ። ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ አስነሳን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከ80 ዲግሪ ሳያልፍ ሠራ፤ ፍጥነቱም አልተንጠባጠበም። ያ ሁሉ ጉራ የነፋሁበት ዋት ለካ ጩኸት ብቻ ነበር!

ቤት ስመለስ የቀረውን ጉድ በዓይኔ አየሁት። ሳጥኗ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ አከራዬ አቧራ እንዳይገባባት ብለው ያለበሷት ዳንቴል ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለካ ያን ሁሉ ሌሊት ሙቀቱ የሚወጣበት ጣሪያዋ ተሸፍኖ ነበር፤ እኔም ዳንቴሉ አምሮባት ዝም ብያለሁ! ዳንቴሉን በክብር ወደ ቴሌቪዥኑ አዛወርኩት።

እናንተም ካማራችሁ

ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ምረጡ፤ ሌላው ሁሉ ለኬዙ ይታዘዛል። ኬዙ ስንት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ማቀዝቀዣ፣ ስንት የሚረዝምና ስንት የሚወፍር ግራፊክስ ካርድ እንደሚቀበል በወረቀት ጻፉ። የካርዱን ርዝመት ብቻ ለክታችሁ ውፍረቱን አትርሱ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚታጠፍበትም ቦታ ይፈልጋል። ገመዱ እስከ መጨረሻው ካልገባ ወይም አንገቱ ላይ ከተጠመዘዘ አደጋ አለው። ፕሮሰሰር ስትመርጡ ማቀዝቀዣችሁ የሚችለውን እንጂ ኪሳችሁ የሚችለውን አትዩ። ገጥማችሁ ስትጨርሱም በአምስት ደቂቃ ሙከራ አትታለሉ፤ ትንሽ ሳጥን ጉዷን የምታወጣው ቆይታ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሥራ ወጥራችሁ ሙቀቷን ተመልከቱ። ካስቀመጣችኋት በኋላም ከሥሯና ከላይዋ አየር ይግባ፣ ይውጣ።

ቪዲዮው ቅዳሜ ማታ አለቀ። የሙሽራዋ እናት እሁድ ይዘውት ሄዱ። ክፍያውን ሳልቆጥር ወስጄ ለእጮኛዬ ሰጠኋት፤ የዕቁቡ የመጀመሪያ መላሽ መሆኑ ነው። ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሳጥኗ ሄዳ እንደገና በመዳፏ ነካቻት። ይሄን ጊዜ እጇን አላነሳችም።

«እሺ» አለችኝ፣ «አሁን እኔም ቀዝቀዝ አልኩ።»

በሉ፣ ቸር እንሰንብት!