«አታጥፋብኝ የኔ ልጅ፣ እንጀራ እየጋገርኩ ነው»

የዛሬው ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። ስለ ፒንሳ ነው። «ዶክተር ደግሞ ስለ ፒንሳ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አዳር ተረኛ ነበርኩ። ገና አመሻሽ ላይ አንድ የ24 ዓመት ልጅ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈውት ድንገተኛ ክፍል ገባ። ኮረንቲ ይዞት ነው። ቀኝ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ቁስል አለች፤ ግራ መዳፉ ላይ ሌላ ነጣ ያለች። ሲያዩት ክብሪት ያቃጠለው ነው የሚመስለው። ግን ፊቱ አመድ መስሏል፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይርገበገብብኛል ይላል። (ታሪኩን የምጽፈው እሱን አስፈቅጄ ነው፤ ስሙንም ሰፈሩንም አልናገርም።)

«ወንድሜ፣ ምን እየሠራህ ነው የያዘህ?»

«ሶኬት እየቀየርኩ ዶክተር። ሥራዬ ነው።»

«ታዲያ ብሬከሩን አላጠፋህም?»

«እትዬ እንጀራ እየጋገሩ ነበር። ‹አታጥፋብኝ የኔ ልጅ፣ ሊጡ ይበላሽብኛል› አሉኝ። እኔም ፒንሳዬ ኢንሱሌትድ ነው ብዬ ገባሁበት።»

ከዚያ ከሱሪው የጎን ኪስ ፒንሳውን አውጥቶ አሳየኝ። ከገዛው ሦስት ወሩ ነው። ቀይና ቢጫ እጀታ አለው፣ ላዩ ላይ በትልቁ 1000 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል። ያምራል። ግን የአንደኛው እግር ፕላስቲክ እንደ ላላ ካልሲ ተንሸራቶ ወርዷል። መቁረጫውን ሳየው ደግሞ እንደ አሮጌ ቢላ ተሸራርፏል።

የሆነው ይሄ ነው። መቁረጫው ስለደነዘ ሽቦውን ለመቁረጥ አጥብቆ ጨመቀ። እጁ አልቦታል። ፕላስቲኩ ሸሸ፣ ጣቱ ባዶ ብረት ላይ አረፈ። ግራ እጁ ደግሞ የውሃውን የብረት ቧንቧ ተደግፎ ነበር። ኮረንቲው በቀኝ እጁ ገብቶ፣ ደረቱን አቋርጦ፣ በግራ እጁ ወጣ። መንገዱ ላይ ያለው ልብ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቁጥር እናውራ። ቤታችን የሚገባው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ደረቅ ቆዳ በደንብ ይከላከላል፤ ያላበ ወይም የረጠበ ቆዳ ላይ ግን የሰውነታችን መከላከያ ወደ 1,000 ኦም ገደማ ሊወርድ ይችላል። 220ን ለ1,000 ስታካፍሉት 220 ሚሊ አምፒር ይመጣል። 1 ሚሊ አምፒር ስትነካችሁ ትነዝራለች፣ በቃ። ከ10 እስከ 16 ባለው ላይ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና የያዛችሁትን መልቀቅ ያቅታችኋል፤ «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው እውነትም ስለሚይዝ ነው። ጣትን የሚያጥፈው ጡንቻ ከሚዘረጋው ስለሚበረታ እጅ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። ከ50 እስከ 100 ሲደርስ ልብ መምታቱን ትቶ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ያኔ ደም አይረጭም፤ የሚቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ልጁን ያተረፈው የቆመበት የፕላስቲክ ወንበር ነው። ወንበሩ ተንሸራቶ ሲወድቅ የራሱ ክብደት እጁን ከሽቦው አላቀቀው። በሌላ ቋንቋ፣ ወድቆ ነው የተረፈው።

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ኤሌክትሪሺያን ነበር። የእሱ ጀርመን ሠራሽ ፒንሳ ዛሬም እናቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ አሁንም ሚስማር ይቆርጣል። ትልልቆቹ ባለሙያዎች «የድሮ ዕቃ» ሲሉ የሚቆጩት ለዚህ ነው። ዕቃው ልጅ ይወርሰው ነበር፤ አሁን በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይገዛል። እውነቱን ለመናገር ግን የድሮውንም አንቀባው። የአጎቴ ፒንሳ እጀታው ላይ የነበረው መከላከያ እሱ ራሱ የጠመጠመው ጥቁር ፕላስተር ነበር። ብረቱ ድንቅ ነው፣ መከላከያው ግን የእግዚአብሔር ጥበቃ ነው። የድሮ መጥፎ መጥፎው ዕቃ ደግሞ ያኔውኑ ተሰብሮ ስለተጣለ ዛሬ የምናየው የተረፈውን ደህናውን ብቻ ነው።

ታዲያ የተበላሸው ምንድነው? ጥሩ ፒንሳ ክሮምና ቫናዲየም ከገባበት ብረት ተቀጥቅጦ ይሠራል፤ አፉ ደግሞ ለብቻው በሙቀት ይጠነክራል። ዋጋውን የሚያስወድደው ይሄ ማጠንከር ነው፣ በዓይን የማይታየውም እሱ ነው። ርካሹ ላይ ለስላሳ ብረት ይቀርብና ከላይ ይብለጨለጫል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሁለቱም ያበራሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከሃያ ቀን በኋላ ነው።

«ቻይና ስለሆነ ነው» የሚለውን መልስ አልወደውም። ቻይና ውስጥ ደረጃውን ጠብቆ የሚሠራ መሣሪያ ሞልቷል፤ አምራቹ የሚሠራው አስመጪው በከፈለው ልክ ነው። አስመጪው የሚያዘው እኛ በምንከፍለው ልክ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ። ጥሩ መሣሪያ ከዓለም አልጠፋም፤ ጀርመን ዉፐርታል ያለው ክኒፔክስ እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ አለ፣ ቺካጎ የተመሠረተው ክላይን ደግሞ ከ1857 ጀምሮ። የእኛ ልጅ ግን ያንን ለመግዛት የስንት ቀን ገቢውን ይስጥ? መሃለኛው፣ ማለትም ብዙም ሳይወደድ በታማኝነት የሚሠራው ዕቃ፣ ነው ከገበያው የሳሳው። ቀጥሎ ያለው ውዱን መስሎ የተሠራው ፌክ ነው፣ እሱ ደግሞ ከርካሹ ይብሳል፤ ሰውን ያደፋፍራል።

አሁን ይቺን ልብ በሉልኝ፣ ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይቺ ትሁን። እጀታ ላይ ፕላስቲክ አለ ማለት መከላከያ አለ ማለት አይደለም። አብዛኛው የፒንሳ ፕላስቲክ እጅ እንዳይልጥ፣ እንዳያንሸራትት የተደረገ ምቾት ነው። ስመ ጥር አምራቾችም ሳይቀሩ ይሄ ከኮረንቲ አይከላከልም ብለው ይጽፋሉ። ኮረንቲ ላይ እንዲሠራ ተብሎ የሚመረተው መሣሪያ አይኢሲ 60900 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው። ምልክቱ ሁለት የተደራረቡ ሦስት ማዕዘኖችና 1000 ቮልት የሚል ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በ10,000 ቮልት ይፈተናል። የጀርመኖቹ ላይ ቪዲኢ የሚል ምልክትም ይጨመራል። የልጁ ፒንሳ ላይ ጽሑፉ ነበር፤ ሦስት ማዕዘኖቹ፣ የደረጃው ቁጥር፣ የአምራቹ ስም፣ የተመረተበት ዓመት፣ አንዱም አልነበረም። ጽሑፍ ማተም ደግሞ ርካሽ ነው። እውነተኛው ዕቃ ራሱ እጀታው ከተሰነጠቀ፣ ከተቃጠለ ወይም ከላላ ለኮረንቲ ሥራ አለቀለት፤ ፕላስተር ቢጠመጠምበት አይድንም።

ሌላው ቴስተር ነው፤ ያቺ በየሱቁ የምትሸጠው መብራት ያላት ካቻቢቴ። ውስጧ ትንሽ መብራትና ሬዚስተር አለ። የምትበራው ኮረንቲው በእናንተ ሰውነት አልፎ ወደ መሬት ሲሄድ ነው! ሬዚስተሩ ከ1 ሚሊ አምፒር በታች ስለሚያደርገው ነው የማይሰማችሁ። አሁን ገበያ ላይ ያሉትን ከፍታችሁ ብታዩ፣ ሕይወታችሁ የተንጠለጠለው ጥራቱን ማንም ባልፈተነው አንድ ሬዚስተር ላይ ነው። እርጥበት ከገባበትም እንደዚያው። ደግሞ ፀሐይ ላይ መብራቷ አይታይም፤ «አልበራም፣ ስለዚህ ኮረንቲ የለም» ብሎ የገባ ሰው አክሜ አውቃለሁ። ጠንቃቃ ባለሙያ መለኪያውን መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለበት በሚያውቀው ቦታ ይሞክራል፣ ከዚያ የሚሠራበትን ይለካል፣ ከዚያ መለኪያው እንዳልሞተ እንደገና እዚያው የመጀመሪያው ቦታ ላይ ያረጋግጣል። ሦስት ጊዜ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከኮረንቲ ይልቅ በብዛት የምሰፋው ግን የካቻቢቴ ቁስል ነው። ጫፉ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ይበላል፣ የተበላ ጫፍ ብሎን ላይ አይቆምም፣ ሲገፉት ያመልጣል፣ ያረፈው ደግሞ ዕቃውን በያዘው በሌላኛው መዳፍ ላይ ነው። እዚህ ጋ ጥፋቱ ሁሉ የጥራት አይደለም፦ የብዙ ብሬከሮች ብሎን ፖዚድራይቭ ለሚባለው ካቻቢቴ የተሠራ ነው፣ እኛ ጋ ግን በተለመደው ባለ መስቀሉ ይታገሉታል። ይመሳሰላሉ፣ አይገጥሙም። ቁስሉ ከውጭ ትንሽ ሆኖ ውስጥ ጅማት ወይም ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ጣት አልታጠፍ ካለ ወይም ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው፤ የቴታነስ ክትባትም አትርሱ። የደነዘ ፒንሳ ሲጨምቁ የሚውሉት ላይ ደግሞ ማታ ማታ የጣት መደንዘዝና ጣት ታጥፎ አልዘረጋ ማለት ይመጣል። እሱን ለብቻው ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፣ ማለት ወደ አሠሪዎቹ። ከእናንተ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ጥቂት ነው፤ ኤሌክትሪሺያን የሚጠራው ግን ሁላችሁም ናችሁ። ልጁ ሲመጣ ቡና አፍሉለት፣ ግን ከዚያ በፊት ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ራሳችሁ አጥፉለት። ሥራ ጨርሶ እስኪነግራችሁ ማንም እንዳይመልሰው ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሩ። ሊጡ አንድ ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም፣ ፍሪጁም ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል። «የከሌ ልጅ በግማሽ ዋጋ ይሠራልኛል» ስትሉም ግማሹ ከምን ላይ እንደተቀነሰ አስቡ። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ከመሣሪያው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ፊታችሁ ቢደርስ፦ ሰውየውን አትንኩት። መጀመሪያ ዋናውን አጥፉ። ማጥፋት ካልቻላችሁ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ሽቦውን ግፉት። ይሄ ለቤት ኮረንቲ ነው፤ የምሰሶ ከፍተኛ መስመር ከሆነ ርቃችሁ ቁሙ፣ እንጨቱም አያድናችሁም። ፊቱ ላይ ውሃ አትርጩ። ከኮረንቲው ከተላቀቀ በኋላ የማይነቃና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ፣ እናንተ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጃችሁ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየጠለቃችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ግፉ፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ካለም ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ደረቱን ካመመው፣ ልቡ ከተዛባበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ደግሞ ውስጥ ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊቱን እየጎዳ ነውና አንድ ሰዓት አታባክኑ። የኮረንቲ ቁስል ከላይ ምስር፣ ከሥር ሌላ ነው።

ልጁን ኢሲጂ አነሳነው፤ የልቡ አመታት ትንሽ ተዛብቶ ነበር። እስኪነጋ ሞኒተር ላይ አቆየነው፣ ሊነጋጋ ሲል ተስተካከለ። ሽንቱም ንጹሕ ነበር። የጣቱ ቁስል ግን ከታየው ይልቅ ጠልቆ አምስት ሳምንት ፈጀበት፣ አምስት ሳምንት ያለ ሥራ። እትዬም ሁለት ቀን ሊጠይቁት መጥተው ነበር፣ አንዱን ቀን እንጀራ ይዘው። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ፤ እሳቸውም አላወቁም፣ እሱም እምቢ ማለት አልቻለም።

ለመጨረሻው የቁስል ማጽጃ ሲመጣ ከመርካቶ አዲስ ፒንሳ ገዝቶ ነበር። ከኪሱ አውጥቶ አቀበለኝ። ሦስት ማዕዘኖቹ አሉ፣ 1000 አለ፣ የደረጃው ቁጥርም አለ፤ ህትመቱ ግን በአውራ ጣቴ ስፈትገው ጫፉ ላይ ትንሽ ለቀቀ።

«ዶክተር፣ ኦርጅናል ነው?» አለኝ።

«አላውቅም ወንድሜ። አጥፍተህ ሥራ» አልኩት።

«እሺ ካሉኝ» ብሎ ፒንሳውን ኪሱ ውስጥ መለሰው።