የ15 ደቂቃው ገለጻ፦ የጥናታዊ ጽሑፍ አቀራረብና የአርሲ ስንዴ

አሰላ፦ አንድ ተመራማሪ ሁለትና ሦስት የመኸር ወቅት የደከመበትን ሙከራ በሳይንሳዊ ጉባዔ ላይ እንዲያቀርብ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። በአዳራሹ ከሙያ አጋሮቹ ሌላ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የምርጥ ዘር አባዦችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች ይገኛሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሙሉውን ጽሑፍ ለማንበብ ጊዜ ስለማያገኙ፣ በቀጣዩ የዘር ወቅት ለአርሶ አደሩ የሚሰጡት ምክር በዚያች አጭር ጊዜ ከሰሙት የሚመነጭ ይሆናል።

በአርሲ ደጋማ አካባቢዎች ጉዳዩ ልዩ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው አሰላ አቅራቢያ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ1966 ሲሆን፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የተመሠረተውና ካዱ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነበር። ማዕከሉ ብሔራዊ የስንዴ ምርምር የሚስተባበርበት ነው። እ.ኤ.አ በ2014 ራሱን ችሎ የተቋቋመው አርሲ ዩኒቨርሲቲም በበኩሉ መምህራኑና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ጥናቶቻቸውን በየመድረኩ ያቀርባሉ።

አንድ ቃል በመድረክ ላይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ የዲገሉ ስንዴ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ በ2010 የተከሰተው ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የተባሉ ዝርያዎች ክፉኛ ጎዳ። ከዚያ በኋላ በርካታ አርሶ አደሮች እ.ኤ.አ በ2005 ከቁሉምሳ ወደተለቀቀው ዲገሉ ፊታቸውን አዞሩ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ከመሆኑም በላይ ዩጂ 99 በሚል የሚታወቀውን አስጊ የግንድ ዋግ ወገንም ይቋቋም ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ በ2013 መጨረሻ ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተስፋፍቶ በአንዳንድ የዲገሉ ማሳዎች ምርቱን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ አጠፋው።

እንግዲህ «ዝርያው በሽታን ይቋቋማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአድማጭ በቂ አይደለም። የትኛውን በሽታ፣ በየትኞቹ የበሽታው ዘሮች ተፈትሾ፣ በየትኞቹ ዓመታትና ቦታዎች እንደሆነ አብሮ መነገር ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ለመናገር 30 ሰከንድ ይበቃል። በሰዓት ጥበት ስም በቅድሚያ የሚቆረጠው ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ክፍል ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ስላይድ ከመሥራት በፊት ነው። አቅራቢው አድማጩ ይዞት እንዲወጣ የሚፈልገውን አንድ ግኝት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ መቻል አለበት። መጻፍ ካቃተው ገለጻው ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። የጥናቱን ዳራና ቀደምት ጽሑፎችን እየዘረዘሩ ግማሹን ሰዓት መፍጀት ለመመረቂያ ጽሑፍ ያገለግል ይሆናል፤ ለመድረክ ግን አይበጅም። ዳራው በሁለት ደቂቃ፣ ዘዴው በሦስት ደቂቃ ተጠቃሎ ቀሪው ጊዜ ለውጤቱና ለትርጉሙ ቢውል ይመረጣል።

በቁጥር አቀራረብ ረገድ አማካይ ውጤትን ብቻ ማሳየት አሳሳች ሊሆን ይችላል። ቁሉምሳ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ በቆጂ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ይጠጋል። አሳሳ ዝናቡ ቀድሞ የሚያቋርጥበት፣ አርሲ ሮቤ ደግሞ ጥቁር አፈሩ ውኃ የሚቋጥርበት ነው። የአራቱ ቦታዎች ውጤት ተደምሮ ለአራት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በአንዳቸውም ማሳ ላይ የማይታይ ሊሆን ይችላል።

የቢራ ገብስም ሌላ ምሳሌ ነው። ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ሲጨመር ምርቱ እስከ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲንም አብሮ ይጨምራል። ፕሮቲኑ የበዛ ገብስ ደግሞ ለብቅል አይመረጥም። ምርቱን ብቻ የሚያሳይ ግራፍ አይቶ ወደ ወረዳው የተመለሰ ኃላፊ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የማይቀበለውን ገብስ እንዲመረት ሊመክር ይችላል።

ቋንቋም ሊታሰብበት ይገባል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ውይይቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መካሄዱ የተለመደ በመሆኑ፣ አቅራቢው ዋና ዋና ቃላቱን በሦስቱም ቋንቋዎች አስቀድሞ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። በሄክታር 4 ነጥብ 5 ቶን ከማለት 45 ኩንታል ማለት ለብዙው አድማጭ ይቀርባል። «ጉልህ ልዩነት» የሚለው የስታቲስቲክስ አነጋገርም ለተመራማሪው ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ የማይመስል መሆኑን ሲገልጽ፣ ለሌላው ሰው ግን «በጣም ትልቅ» ማለት ይመስለዋል። ልዩነቱ ስንት ኩንታል እንደሆነ መናገር ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

ስለ ስላይድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከኋላ ወንበር የማይነበብ ሠንጠረዥ ባይቀርብ ይሻላል፤ መብራት ቢቋረጥ ዋናው ግራፍ በወረቀት ታትሞ በእጅ መገኘት አለበት።

ልምምድን በተመለከተ ግን ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ሰዓት ይዞ፣ ከሙያው ውጪ በሆነ ሰው ፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማቅረብን የሚተካ ነገር የለም። በአገራችን መድረኮች የመክፈቻ ንግግሩ ይረዝምና ፕሮግራሙ ወደኋላ ይጎተታል፤ በመሆኑም 20 ደቂቃ የተመደበለት አቅራቢ በ10 ደቂቃ እንዲጨርስ ሊጠየቅ ይችላል። የ10 ደቂቃውን ቅጂ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ስላይዶቹን እያጣደፈ ያልፋል፤ ውጤቱና ምክረ ሐሳቡም መጨረሻ ላይ ስለሚገኙ ሳይነገሩ ይቀራሉ። የመድረክ መሪዎችም ቢሆኑ ለክብር እንግዳው የሚያሳዩትን ትዕግሥት ለጥናት አቅራቢው ቢያጋሩት ባልከፋ ነበር።

በጥያቄና መልስ ክፍለ ጊዜ ሦስት አራት ጥያቄ በአንድነት ተሰብስቦ መቅረቡ የተለመደ ነው። አቅራቢው እያንዳንዱን መጻፍ፣ የሚመሳሰሉትን ማዛመድና ጥናቱ ያልዳሰሰውን «ይህን አላጠናንም» ብሎ በግልጽ መመለስ ይጠበቅበታል። በአዳራሹ የተቀመጠው ኃላፊም ድርሻ አለው፤ ሙከራው ስንት ዓመት ተካሄደ፣ ከእኔ ወረዳ ከፍታና ዝናብ ጋር ይቀራረባል ወይ፣ ለአርሶ አደሩ ወጪው ስንት ነው የሚሉትን ከጠየቀ ከረጅም አስተያየት ይልቅ ለቤቱም ለራሱም ይጠቅማል።

የጉባዔ ጽሑፎች ተሰብስበው በመጽሐፍ መልክ እስኪታተሙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። በአርሲ የመኸር ስንዴ በአብዛኛው የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ በመሆኑ፣ ግኝቱንና የሚሠራባቸውን ሁኔታዎች የያዘ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ በዕለቱ ለተሳታፊዎች ቢታደል የዘር ግዥ ከመጠናቀቁ በፊት ከወረዳ ባለሙያዎች እጅ ይደርሳል።