ከዲላ እስከ አባያ ዳርቻ

በዲላ ከተማ የምንኖር ወዳጆች፥ ሦስት ቤተ ሰብ ሆነን፥ ባለፈው የዕረፍት ቀን ወደ አባያ ሐይቅ ወርደን ውለን ተመለስን። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ በአሞራ በረራ ቢለካ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ከመካከላችን ግማሾቹ ብዙ ዘመን በዲላ ኖረው ሐይቁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና፥ ልጆቻችንም ባሕር ሲባል የሚያውቁት በሥዕል ብቻ ነው። አሸዋና ማዕበል ይዩ፥ እግራቸውንም ውሃ ይንካው ብለን ተነሣን።

እመቤቶች ከዋዜማው ጀምረው ቆጮውን ጋግረው፥ አይቡን አሰናድተው፥ የቡናውን ዕቃ በእንቅብ አድርገው አደሩ። የሚጠጣ ውሃ አፍልቶና አቀዝቅዞ መያዝ፥ ለልጆችም ባርኔጣ አለመርሳት የዚህ መንገድ ዋና ስንቅ መሆኑን ለአንባብያን እናስታውሳለን። እኛ ባርኔጣውን ረስተን ኖሮ ቀኑን ሙሉ የልጆቹን ራስ በነጠላ ስንሸፍን ዋልን።

ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ሐይቁ ግን በ1,170 ሜትር ግድም ነው። አራት መቶ ሜትር መውረድ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በመኪና ለሚወርድ ሰው ግን ሌላ አገር መግባት ነው። በጌዴኦ ምድር ትልልቁ ዛፍ ቡናውን ይጋርዳል፤ ቡናውም ከእንሰቱ ጋራ ተቃቅፎ ይበቅላል፤ መሬቱም ከደረቀ ቅጠል ሥር ተሸፍኖ ለዓይን አይታይም። ገበሬው ይህን ሁሉ በአንድ ማሳ አስማምቶ የሚኖርበት ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቁልቁለቱን በወረድን መጠን ጥላው እየሳሳ ሄደና ግራር ተተካ፤ አቧራው ተነሣ፤ ማለዳ የደረብነውን ጋቢ አንድ በአንድ ጣልን።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ከእኛና ከጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች በቀር በዳርቻው ሰው አልነበረም። አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋት የሚበልጠው ነው፤ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ1888 ዓ.ም. ያለፈው ኢጣሊያዊ መንገደኛ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎት ነበር፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው የአገሩ ሰው አላገኘንም። ልጆቹ ግን ከመኪና እንደ ወረዱ ዝም አሉ። ሰማያዊ የጠበቁት ውሃ ቀይ ነበረ፤ የሸክላ አፈር የተበጠበጠበት ይመስላል።

በማኅበራችን አንድ ከፍ ያለ የመንግሥት ሥራ ያለው፥ ሲናገር መታዘዝን የለመደ ወዳጅ አለ። ሙቀቱ ስላስጨነቀው ልብሱን አውልቆ ወደ ውሃው አቀና፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጁም ተከተለው። መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ሽማግሌ ተነሥተው ከፊቱ ቆሙና፥ በተሰባበረ አማርኛ፦

«ጌታዬ፥ አይግቡ» አሉት።

«አባቴ፥ እኔ እኮ ዋና የተማርሁ ሰው ነኝ።»

«እሱም ይዋኛል» ብለው በበትራቸው አሸዋውን አመለከቱ። ከውሃው ወጥቶ ተመልሶ የገባ የሆድ ጉተታ፥ በግራና በቀኙም የጥፍር ምልክት ነበረ፤ የሌሊት አዞ የሄደበት ፋና ነው። በጠራ ሐይቅ አዞ ሲመጣ ይታይ ይሆናል፤ በዚህ ውሃ ግን አንድ ክንድ ዝቅ ካለ የሚያየው ዓይን የለም። ወዳጃችን ጥቂት ቆመ፤ በልጁ ፊት ትእዛዝ መቀበል እንደ ከበደው አየን። ኋላ ግን የልጁን እጅ ይዞ ተመለሰና ሸሚዙን ለበሰ። ያን ቀን ካደረገው ሁሉ ይህን አከበርንለት፤ ለራሱ ግን አልነገርነውም።

ሽማግሌው በጣሳ እየቀዱ የልጆቹን እግር አጠቡላቸው። ብላቴናው አንዱን ብርጭቆ ከዚያው ውሃ ሞልቶ፥ ጭቃው ሲወርድ አያለሁ ብሎ ከረከቦቱ አጠገብ አኖረው። አቦል ተጠጣ፤ ቶና ተጠጣ፤ በረካም አለቀ፤ ውሃው እንደ ቀላ ነው። አፈሩ ከመላሙ የተነሣ በቶሎ አይዘቅጥም። ከየት መጣ ቢል፥ እንደ ጊዳቦና እንደ ገላና ያሉ ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት መሆኑን አስረዳነው። ብላቴናውም ወደ ምሥራቅ፥ ወደ መጣንበት ተራራ ተመለከተና፥ «ዛፍ ካለበት ነው ወይስ ከሌለበት?» ብሎ ጠየቀ። ዝናም በተራቈተ መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ፥ ቅጠል በለበሰ ማሳ ላይም ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ አባቱ ራሱ አስረዳው፤ ጥያቄው ግን ለእኛም ለትልልቆቹ መንገዱን ሁሉ ስንነጋገርበት የምንሄደው ሆነ።

የወባ ትንኝ ሳይነሣብን በዘጠኝ ሰዓት ተነሣን። ለሽማግሌው ቆጮና ቡና ትተን፥ ከእሳቸውም አራት ቆሮሶ በሚገባ ዋጋ ገዛን። ዲላ ስንገባ ዝናም ጀምሮ ነበርና መኪናው ሲቆም ብላቴናው ወርዶ የቦዩን ውሃ ቀለም ለማየት ጐንበስ አለ። ከሐይቁ በጠርሙስ የያዘውን ውሃ በመስኮት ላይ አስቀምጦታል፤ እናቱ እንደ ነገሩን፥ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላም በየማለዳው ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥቶ ያየዋል።